ጀርባ ለሚያመው ሰው የፍሪሲዮን ሥራ

ፍሪሲዮን ሞተሩንና ካምቢዮውን የሚያገናኝና የሚያለያይ የመኪና ክፍል ነው። ሸራው ሲያልቅ ሞተሩ ይጮኻል፤ መኪናው ግን ዳገት ላይ እምቢ ይላል። ለመለወጥ ካምቢዮው መውረድ አለበት። በብዙ መኪና ይህ ማለት በጀርባ ተኝቶ ከባድ ብረት በደረት መቀበል ነው። ወገቡን ለሚያመው ሰው ይህ እንዴት ይሆናል?

ትራየምፍ ስፒትፋየር ግን ለየት ትላለች። በፈረንጆች አቆጣጠር ከ1962 እስከ 1980 በእንግሊዝ አገር የተሠራች፣ ሁለት ሰው የምትይዝ የስፖርት መኪና ናት። ካምቢዮዋ የሚወጣው በውስጥ በኩል ነው። መቀመጫዎቹና በመካከላቸው ያለው መሸፈኛ ሲነሡ ካምቢዮው ይታያል። ስለዚህ አብዛኛውን ሥራ ቁጭ ብሎ፣ እያረፉ መሥራት ይቻላል። ሳምንት ቢፈጅስ ማን ያስቸኩላል?

አስቀድመን የባትሪውን ሽቦ እንፈታለን። ሞተሩ ወደ ኋላ እንዳያዘነብል ከሥሩ ጣውላና ክሪክ እናደርጋለን። በክሪክ ብቻ ከቆመ መኪና ሥር ግን ፈጽሞ አንገባም፤ ጠንካራ መደገፊያ ያስፈልጋል። ካምቢዮውን ለማንሣት ጎረቤት መጥራት ነውር የለውም።

አሮጌ ሸራ አስቤስቶስ ሊኖርበት ይችላል፤ አቧራው ሳንባ ይጎዳል። እፍ አንልም፣ በእርጥብ ጨርቅ እንጠርጋለን።

አዲሱ ሸራ መሃል ለመሃል ካልተቀመጠ የካምቢዮው ዘንግ አይገባም። ጉልበተኛው ይገፋል፣ ይገፋል፣ ወይ ፍንክች! እኛ ግን በልኩ የተጠረበ እንጨት በቀዳዳው ከትተን ሸራውን እናስተካክላለን። ከዚያ ብሎኖቹን ትይዩ ትይዩውን እያፈራረቅን ጥቂት በጥቂት እናጠብቃለን፤ ካምቢዮው ሲመለስ ያለ ትግል ይገባል።