አልጋዋ አጠገብ ስትቀመጥ

ልጄ፣ ሐኪሞቹ ለእናትህ ከማስታገሻ በቀር የምንሰጣት የለም ማለታቸውን ከነገርከኝ ወዲህ ሐሳቤ ከእናንተ ቤት አልወጣም። «ምን ላድርግ ጋሼ?» ብለህ በስልክ ላነሣኸው ጥያቄ ያልጨረስኩትን መልስ እነሆ። የክርስትና አባትህ ነኝና ዕዳም አለብኝ፤ በተጠመቅህ ዕለት ስለ አንተ ሆኜ የደገምኩት ጸሎተ ሃይማኖት የሚያበቃው በሙታን ትንሣኤና በሚመጣው ሕይወት ነው።

1. አትዋሻት። «ምንም አልሆንሽም፣ ለፋሲካ ትነሻለሽ» ማለት ልማዳችን ነው፤ ከፍቅር እንደሚመጣም አይጠፋኝም። ነገር ግን በዕድር ዳኝነት ዘመኔ በየቤቱ ያየሁት አንድ ነው፤ ታማሚው ያውቃል፣ ማወቁን ደግሞ ቤተሰቡ እንዳይሰማ ይደብቃል። እነሱም እሱም አንድ ክፍል ውስጥ ተቀምጠው ለየብቻቸው ይጨነቃሉ። ጠበሉን አትከልክላት፤ እግዚአብሔር ከፈቀደ ይምራል። ግን ሰው ሲወጣ ጠብቀህ «ምን ያሳስብሻል?» በላትና ዝም በል። መናገር ከጀመረች «ኧረ አታሟርቺ!» ብለህ አፏን እንዳትዘጋው። ትንሣኤ አለ ብሎ የሚያምን ቤት ሞት የሚለውን ቃል መፍራት የለበትም።

2. የንስሐ አባቷን ዛሬውኑ ጥራ። ቄስ ደጋግሞ ሲገባ ጎረቤት «አበቃላት» ይላል ብለን እናዘገየዋለን፤ ሲደርሱም አንደበት ተዘግቶ ያገኙታል። ንስሐ የሚናገር ምላስ፣ ሥጋ ወደሙ የሚውጥ ጉሮሮ ይፈልጋል። ቀንዲሉም ቢሆን ለሕሙማን የተሠራ ምሥጢር ነው፤ የሞት ጥሪ የሚያደርገው የኛ ፍርሃት ነው። የቤቱንም ነገር በዚያው ጨርሱ። በፍትሐ ብሔር ሕጉ በግልጽ የሚደረግ ኑዛዜ በተናዛዡና በአራት ምስክሮች ፊት ተነቦ ይፈረማል። ከቀብር ማግስት እኅትማማቾች በካርታና በቁልፍ ሲካሰሱ አይቻለሁ፤ እሷም ይህን ፈርታ ይሆናል እንቅልፍ ያጣችው።

3. አልቅስ። «ክርስቲያን አያለቅስም» የሚሉህ መካሪዎች አይጠፉም። ጌታ አልዓዛርን ሊያስነሣው እንደሆነ እያወቀ አልቅሷል፤ ዮሐንስ በምዕራፍ 11 ጽፎታል። ጳውሎስም የተሰሎንቄን ሰዎች የመከራቸው ተስፋ እንደሌለው ሰው እንዳያዝኑ ነው፤ ጨርሶ እንዳያዝኑ አይደለም። ፊት መንጨትና ደረት መድቃት ይቅር። ዕንባውን ግን ማንም አይቆጣጠርህ።

4. ከግንዘቱ አትሽሽ። ወንዶች ልጆች በዚያ ሰዓት ድንኳን ለማስተከል፣ መኪና ለማፈላለግ እያሉ ይጠፋሉ። ሴቶቹ አጥበው ሲጨርሱ ግባ። የእጆቿን አውራ ጣቶች አገናኝተው በክር ያስሯቸዋል፣ የእግሮቿንም እንዲሁ፤ ከዚያ በነጭ ጨርቅ ይጠቀልሏታል፣ ካህናቱም መጽሐፈ ግንዘቱን ያደርሳሉ። ከባድ ነው፤ ጉልበትህ ሊከዳህ ይችላል፣ ግድግዳ ተደገፍ። እዚያ ቆመህ ግን ሁለት መቃብሮችን አስብ። አልዓዛር ሲወጣ እጅና እግሩ እንደተገነዘ፣ ፊቱም እንደተጠመጠመ ነበር፤ ሌሎች ሰዎች ፈቱት። እንደገና የሚሞት ሰው ነበርና መግነዙ ገና ያስፈልገዋል ብዬ አስባለሁ። ጴጥሮስና ዮሐንስ ወደ ጌታ መቃብር ሮጠው ሲደርሱ ግን የተልባ እግሩ ጨርቅ ባዶውን ተቀምጧል፣ የራሱም ጨርቅ ለብቻው ተጠቅልሏል። የፈታው ሰው የለም። ለእናትህ የምንጠብቅላት ትንሣኤ ይህ ሁለተኛው ነው። ፊቷን ወደ ምሥራቅ አድርገን የምንቀብራትም ስለዚህ ነው፤ ጌታ ከዚያ ይመጣል ብለን። ስብከት ሰምቼ ከገባኝ ይልቅ ይህ ሥርዓት በዓይኔ አስተማረኝ።

5. ቀኑ አያስጨንቅህ። ጾሙ እየተጋመሰ ነውና «በሰሙነ ሕማማት ብታርፍስ? ፍትሐት የለም ይባላል» ብለሃል። እውነት ነው፣ በዚያ ሳምንት ፍትሐት አይደረግም። ለዚህም ነው በሆሣዕና ዕለት ለሁላችን ቀድሞ የሚደረገው። ወጣቱ ዘንባባውን ይዞ ቀለበት ሲያስር ብዙ ጊዜ ልብ አይለውም፤ እኔ ግን በየዓመቱ በሁለት እግሬ ቆሜ የራሴን ፍትሐት እሰማለሁ። ዘንድሮ አብረን እንቁም። ከቅዳም ሹር በኋላ፣ በሃምሳው ቀን ውስጥ ብትሄድ ደግሞ ጾምና ስግደት የሌለበት፣ ሰው ሁሉ የክርስቶስን መነሣት እየተነጋገረ ሰላም የሚባባልበት ወቅት ነው። ለቀስተኛው ግራ ቢጋባ አትደነቅ፤ በደስታ ሰላምታና በ«እግዜር ያጥናችሁ» መካከል ቆሞ ሲንተባተብ ብዙ ሰው አይቻለሁ።

6. አሜሪካ ያለው ወንድምህ አሁን ይወቅ። «ሥራ ላይ ነው፣ አይደንግጥ» ተብሎ ይቆይና አንድ ቀን ጎህ ሳይቀድ የሀገር ሰው በሩን አንኳኩቶ መርዶ ይነግረዋል። ድምፅዋን ሊሰማ የሚችልበትን ሳምንት አትንጠቀው። መምጣት ባይችል እንኳ ስልኩን ጆሮዋ ላይ አድርግላት፤ ይቅርታ መጠያየቅ ያለባቸው ነገር እንዳለ አንተም ታውቃለህ።

7. ለተዝካር አትበደር። አርባዋንም፣ ሰማንያዋንም፣ ሙት ዓመቷንም አስብላት። ቅዳሴ አስቀድስላት፤ ነዳያንን የቻልከውን ያህል አብላ። በሬ ካልጣልኩ ሰው ምን ይለኛል ካልክ ግን ዝክሩ ለእሷ መሆኑ ቀረ። እሷ ራሷ ለአባትህ አርባ ምን እንዳደረገች ጠይቃት፤ ትነግርሃለች፣ ትስቅም ይሆናል።

የዕድሩን ነገር ለእኔ ተወው። ጸሐፊው መዋጮ እንዳልተጓደለባችሁ አረጋግጦልኛል፤ ድንኳንና ወንበር እኔ አስወጣለሁ። አንተ ከአጠገቧ አትነሣ። ቅዳሜ ከቅዳሴ በኋላ እመጣለሁ፤ ሽሮ ካለ ይበቃኛል፣ እንዳትቸገሩ።