ስለ እሬት፤ በይፋት ቆላ ለቆዳ የሚጠቅመውን ከሚጎዳው ለይቶ ስለ ማወቅ

ከጣርማ በር ተወርዶ ከደብረ ሲና በታች በሚገኘው በይፋት ቆላ፥ ይልቁንም በሸዋ ሮቢት ዙሪያ፥ ሐሩሩ ብርቱ ስለ ሆነ የገበሬው ቆዳ በፀሐይ ይቃጠላል። በየቤቱም እሳትና የፈላ ውኃ ሕፃናትንና የወጥ ቤት ሴቶችን ይጎዳል። ሕዝቡ ለእንዲህ ያለው ጉዳት ከደጁ ከሚያገኛቸው መድኃኒቶች አንዱ እሬት ነው።

እሬት መራራነቱ ምሳሌ እስኪሆን ድረስ የታወቀ ነው፤ እናቶችም ልጅ ጡት ሲያስጥሉ በእርሱ ይቀባሉ። ነገር ግን መራራውና ለቆዳ የሚጠቅመው አንድ አይደሉም፤ በቅጠሉ ውስጥ ሁለት ልዩ ልዩ ነገር አለና። አንደኛው ከልጡ ሥር ያለው ቢጫ ፈሳሽ ነው፤ ይህ ቆዳን ያሳክካል፥ ቢጠጣም ሆድን በብርቱ ያስቀምጣል። ሁለተኛው በመካከል ያለው ነጭ ዝልግልግ ነው፤ ከመቶው 98 እጅ የሚበልጠው ውኃ ሲሆን ቆዳን ያረጥባል፥ ያበርዳልም።

ጥቅሙ ከጥንት የታወቀ ነው። ዲዮስቆሪዶስ የተባለው የግሪክ ሐኪም በ1ኛው መቶ ዓመት ስለ እሬት ጽፏል። በ1935 እ.ኤ.አ. ደግሞ የአሜሪካ ሐኪሞች በራጅ ጨረር የተቃጠለ ቆዳ በቅጠሉ ማከማቸውን አስታወቁ። ከዚያ በኋላ የተደረገው ምርመራ ዝልግልጉ ቀላልና መካከለኛ ቃጠሎን ቶሎ ለማዳን እንደሚረዳ ያመለክታል፤ ለጥልቅ ቍስል ግን እንደሚበጅ አልተረጋገጠም። ቢጫውን ፈሳሽ ለሆድ ማስቀመጫ መሸጥን የአሜሪካ መንግሥት በ2002 እ.ኤ.አ. አስቁሞታል።

አሠራሩ እንዲህ ነው። የተቃጠለው ቆዳ አስቀድሞ በንጹሕ ቀዝቃዛ ውኃ ለ20 ደቂቃ ይታጠባል፤ ቅቤ ወይም እበት ፈጽሞ አይደረግበትም። ከታች ያለው የበሰለ ቅጠል ተቈርጦ፥ የተቈረጠው ወገን ወደ ታች ሆኖ ቢጫው እስኪንጠፈጠፍ ድረስ ይቆማል። ከዚህ በኋላ ታጥቦ ልጡ ይላጣል፥ ዝልግልጉም እንደ ገና ይታጠባል። አስቀድሞ ጥቂት በክንድ ላይ ቀብቶ አንድ ቀን መጠበቅ ይገባል፤ የሚያሳክክ ከሆነ ይተዋል። ቶሎ የሚበላሽ ስለ ሆነ ሁልጊዜ አዲስ ይዘጋጃል።

ቃጠሎው ጥልቅ ወይም ሰፊ ቢሆን፥ ፊትን ወይም ዓይንን ቢነካ፥ ቍስሉ ቢመግል፥ ታማሚውም ሕፃን ቢሆን፥ በእሬት ጊዜ ሳያጠፉ ወደ ጤና ጣቢያ መውሰድ ግዴታ ነው። በቤት ሲቀባ የዘገየ ሰው ሕይወቱን ወይም አካሉን ሊያጣ ይችላል።

ደግሞም እሬት ሁሉ አንድ ወገን አይደለም። በኢትዮጵያ ከ40 የሚበልጥ ዓይነት ይገኛል፤ በሸዋ ደጋ የሚበቅለው አሎ ደብራና የተባለው ከኢትዮጵያ በቀር በሌላ አገር አይገኝም። ሐኪሞች አብዝተው የመረመሩት ግን የዓረብ ምድር ተክል የሆነውን አሎ ቬራን ነው፤ ስለ እርሱ የተነገረውን ሁሉ ለዱሩ እሬት መስጠት አይገባም። የዱር እሬት በዓለም አቀፍ ውል የተጠበቀ ነው፤ ኢትዮጵያም በ1989 እ.ኤ.አ. ወደዚህ ውል ስለ ገባች ያለ ፈቃድ ወደ ውጭ አገር ሊላክ አይችልም።

ስለዚህ የወረዳ ሹማምንት ሦስት ነገር እንዲያደርጉ ይገባል። ሕዝቡ ቢጫውን ከነጩ ለይቶ እንዲያውቅ በየገበያውና በየስብሰባው ያስተምሩ። የዱሩ እሬት የተዳፋቱን አፈር የሚይዝ ስለ ሆነ ከነሥሩ እንዳይነቀል ይከልክሉ። ባለመሬቶችም ከአሎ ቬራ ግርጌ የሚወጡትን ቡቃያዎች ውኃ በማይቋጥር መሬት እንዲተክሉና ለጎረቤት እንዲያካፍሉ ይምከሩ። እንዲህ ከሆነ ቤተሰብ ሁሉ ለቀላል ቃጠሎ መድኃኒቱን ከጓሮው ያገኛል፤ ለከባዱም ሐኪም ዘንድ ለመሄድ አይዘገይም።