የነጋዴው እንግሊዝኛ፦ ዓረፍተ ነገር የስምን ቦታ ሲይዝ

በጎቹ በርበራ ማቆያ ገብተዋል፤ ላኪው ቶጎ ውጫሌ ተቀምጦ ስልኩን ያያል። ከባሕር ማዶ ያለው ገዢ በዋትሳፕ አንድ መስመር ልኮለታል፦ «ዊ ዊል ቴል ዩ ኢፍ ዘ አኒማልስ ፓስ»። ከዚያ ወዲህ ሦስት ቀን አለፈ፤ ድምፅ የለም። ላኪው ይህን ዝምታ እንዴት ይፍታው?

መልእክቱ ሁለት ፍቺ አለው። አንደኛው «እንስሳቱ ምርመራውን ማለፍ አለማለፋቸውን እንነግርሃለን» ነው። እንዲህ ከሆነ ቢያልፉም ቢወድቁም መልስ ይመጣል፤ ዝምታው ውጤቱ ገና አለመድረሱን ብቻ ያሳያል። ሁለተኛው «እንስሳቱ ካለፉ እንነግርሃለን» ነው። በዚህኛው ፍቺ ቃል የተገባው ለመልካሙ ወሬ ብቻ ስለሆነ የሦስት ቀን ዝምታ ያሳስባል። አማርኛ «ማለፍ አለማለፋቸውን» እና «ካለፉ» ብሎ ሁለቱን ለይቶ ይናገራል። እንግሊዝኛ ግን ሁለቱንም በአንዲት «ኢፍ» ያሸክማል። ስለዚህ ላኪው ገና ከመነሻው «ዌዘር» ብሎ ቢጽፍ ይሻለዋል፦ «ፕሊዝ ቴል አስ ዌዘር ዘ አኒማልስ ፓስ ኦር ፌይል»። ይህ «ማለፋቸውን ወይም መውደቃቸውን አሳውቁን» ከማለት በቀር ሌላ ፍቺ የለውም።

በመጀመሪያው ፍቺ «ኢፍ ዘ አኒማልስ ፓስ» የሚለው ክፍል የስምን ሥራ እየሠራ ነው። «ውጤቱን እንነግርሃለን» ቢባል «ውጤቱን» የሚለው ስም በሚቀመጥበት ቦታ ላይ ተቀምጧል። የራሱ ባለቤትና የራሱ ግስ ቢኖረውም ብቻውን አይቆምም፤ በትልቁ ዓረፍተ ነገር ውስጥ እንደ አንድ ስም ይቆጠራል። የሰዋስው መምህራን «ኖውን ክሎዝ» የሚሉት ይህንን ነው፤ በአማርኛ ስማዊ ጥገኛ ዓረፍተ ነገር ሊባል ይችላል። መለያው ቀላል ነው። የተጠረጠረውን ክፍል በሙሉ አውጥቶ በቦታው «ሳምቲንግ»፣ ማለትም «አንድ ነገር» የሚለውን ቃል ማስገባት ነው። ዓረፍተ ነገሩ ከቆመ ስማዊ ነው። ካልቆመ፣ ወይም ክፍሉ ያለ ምትክ ቢወጣም ዓረፍተ ነገሩ ሳይጎድል የሚቀር ከሆነ፣ ሌላ ነገር ነው።

ፈተናውን «ዌን» በምትባለው ቃል መሞከር ይቻላል፤ ቃሏ በኤፍ ኦ ቢ ውሎች ላይ ትበዛለችና። «ዘ ኮንትራክት ስቴትስ ዌን ሪስክ ፓስስ» ሲባል «ውሉ ኃላፊነቱ የሚተላለፍበትን ጊዜ ይገልጻል» ማለት ነው። «ውሉ አንድ ነገር ይገልጻል» ቢባል ያስኬዳልና ስማዊ ነው። «ሪስክ ፓስስ ዌን ዘ አኒማልስ አር ኦን ቦርድ» ሲባል ግን «እንስሳቱ መርከብ ላይ ሲሆኑ ኃላፊነቱ ይተላለፋል» ማለት ነው። በዚህ ውስጥ «ዌን» ጊዜን የምትናገር ተውሳከ ግስ ናት፤ በቦታዋ «ሳምቲንግ» ቢገባ ወሬው ይበላሻል። የመጀመሪያው ዓረፍተ ነገር ጊዜው በውሉ እንደተጻፈ ብቻ ይናገራል፤ ጊዜው መቼ እንደሆነ የሚያስታውቀው ሁለተኛው ነው። የመጀመሪያውን ብቻ አንብቦ የፈረመ ነጋዴ ቀኑን ሌላ አንቀጽ ውስጥ መፈለግ ይኖርበታል።

ስማዊው ክፍል በብዛት የሚገኘው ከግስ በኋላ ተሳቢ ሆኖ ነው። የእንስሳት ጤና ምስክር ወረቀት አሠራሩ እንዲህ ነው፤ የእንስሳት ሐኪሙ «ሰርቲፋይ» ይላል፣ ቀጥሎ «ዛት» ይመጣል፣ ከ«ዛት» በኋላ እንስሳቱ መመርመራቸውና የአፍተግር ወይም የሌላ በሽታ ምልክት ያልታየባቸው መሆኑ ይዘረዘራል። አማርኛ «እንደሆኑ»፣ «መሆናቸውን» ብሎ ክፍሉን ከግሱ በፊት ያስቀምጣል፤ እንግሊዝኛ ከግሱ ኋላ ያደርገዋል። ለዚህ ነው የአማርኛ አንባቢ «አረጋግጣለሁ» የሚለውን ቃል መጨረሻ ላይ የሚጠብቀው፤ በእንግሊዝኛው ሰነድ ግን ገና መጀመሪያ ላይ አልፎታል።

እዚህ ላይ መጠንቀቅ የሚገባው ከ«ዛት» በፊት ያለውን ግስ ነው። «ዘ ሴለር ጋራንቲስ ዛት ዘ አኒማልስ አር ሄልዚ» ማለት ሻጩ ጤንነታቸውን ዋስ ሆኖ ያረጋግጣል ማለት ነው። «ዘ ሴለር ቢሊቭስ ዛት ዘ አኒማልስ አር ሄልዚ» ከሆነ ሻጩ ጤነኛ ይመስሉኛል አለ እንጂ ዋስ አልሆነም። ስማዊው ክፍል በሁለቱም አንድ ነው፤ ክርክር ቢነሣ የሚመዝነው ግን ግሱ ነው። «ሪኳየርስ ዛት» ከሚለው በኋላ ደግሞ ብዙዎችን የሚያደናግር አጻጻፍ አለ፦ «ዘ ባየር ሪኳየርስ ዛት ኢች አኒማል ቢ ቫክሲኔትድ»። «ኢዝ» ሳይሆን «ቢ» የተባለው በስሕተት አይደለም፤ ግዴታን ሲያዝዝ እንግሊዝኛ እንዲህ ይጽፋል። ገዢው እያንዳንዱ እንስሳ እንዲከተብ ይጠይቃል ማለት ነው እንጂ ተከትቧል ማለት አይደለም።

ስማዊው ክፍል ባለቤት ሆኖ ዓረፍተ ነገር ሲጀምር ደግሞ አብዛኛውን ጊዜ «ዋት» ትመራዋለች፦ «ዋት ዘ ባየር ሪጄክትስ ቢሎንግስ ቱ ዘ ሴለር»። ገዢው ያልተቀበለው የሻጩ ነው። በጨረፍታ ያየ ሰው «ዋት»ን ጥያቄ ያስመስላታል፤ የጥያቄ ምልክት አለመኖሩን ማየት ነው። ከ«ኢዝ» በኋላ ማሟያ ሆኖ ሲመጣም በየቀኑ የሚሰማ ነው፦ «ዘ ፕሮብለም ኢዝ ዛት ዘ ኢር ታግስ ዱ ናት ማች»፣ ችግሩ የጆሮ መለያዎቹ አለመመሳሰላቸው ነው። ይህ ብዙ አያከራክርም።

ገንዘቡ ያለው ከመስተዋድድ በኋላ በሚመጣው ክፍል ውስጥ ነው። የክፍያ አንቀጽ ብዙ ጊዜ «ፔይመንት ኢዝ ቤዝድ ኦን» ብሎ ይጀምራል፤ «ክፍያው የሚመሠረተው በዚህ ላይ ነው» ማለት ነው። «በዚህ» የተባለው ምን እንደሆነ የሚናገረው ከ«ኦን» ቀጥሎ ያለው ስማዊ ክፍል ነው። ከሞያሌ 500 ፍየሎች ተጫኑ እንበል። 12 በመንገድ ሞቱ፤ ከደረሱት 488 ውስጥ ገዢው 20ውን አልቀበልም አለ። ውሉ «ሃው ሜኒ አኒማልስ አር ሎዲድ» ካለ ሻጩ የ500 ዋጋ ይቀበላል። «ሃው ሜኒ አኒማልስ አራይቭ አላይቭ» ካለ የ488። «ሃው ሜኒ አኒማልስ ዘ ባየር አክሴፕትስ» ካለ የ468። ሦስቱም የሚጀምሩት በ«ሃው ሜኒ አኒማልስ» ነው፤ ልዩነቱ ያለው ክፍሉ ውስጥ ባለው ግስ ላይ ነው፤ ሎድ፣ አራይቭ፣ አክሴፕት። በኪሎ ለሚሸጥም እንዲሁ ነው። «ዋት ዘ ስኬል ሾውስ» የሚል ውል የትኛውን ሚዛን እንደሆነ አይናገርም። ሰንጋ በመንገድ ኪሎ ስለሚጥል፣ በማድለቢያው በር ያለው ሚዛንና በመድረሻው ያለው ሚዛን አንድ ቁጥር አያሳዩም። ስለዚህ ቦታውና ቀኑ እዚያው ክፍል ውስጥ መግባት አለባቸው።

ከመስተዋድድ በኋላ «ኢፍ» አትገባም፤ «ዌዘር» ብቻ ናት የምትገባው። «ፔይመንት ዲፔንድስ ኦን ዌዘር ዘ አኒማልስ ፓስ» ይባላል። መጀመሪያ ላይ የተነሣው አሻሚነት በዚህ ቦታ ስለማይፈጠር፣ ውል የሚያረቅ ሰው ይህን አቀማመጥ ቢመርጥ ይጠቀማል።

«ዛት» ከስም አጠገብ ስትመጣ ሌላ ወጥመድ አለ። «ዘ ኖቲስ ዛት ዘ ፖርት ኢሹድ» ማለት «ወደቡ ያወጣው ማስታወቂያ» ነው፤ ማስታወቂያው ምን እንደሚል አልተነገረም። «ዘ ኖቲስ ዛት ዘ ፖርት ኢዝ ክሎዝድ» ግን «ወደቡ ተዘግቷል የሚል ማስታወቂያ» ነው። የመጀመሪያው ቅጽል ሲሆን ሁለተኛው ስማዊ ነው፤ የማስታወቂያውን ይዘት ራሱን ይናገራል። አማርኛ ለዚህ ጥሩ መመርመሪያ አለው፦ «የሚል» ብሎ መተርጎም የሚቻል ከሆነ ስማዊ ነው። በዚህ ንግድ ላይ እንዲህ ያለ ወሬ ቀላል አይደለም። እ.ኤ.አ. በ2000 የስምጥ ሸለቆ ትኩሳት በሳዑዲ ዓረቢያና በየመን ከታየ በኋላ ሳዑዲ ዓረቢያ ከአፍሪካ ቀንድ የሚመጡ የቁም እንስሳትን አግዳ፣ እገዳውን ያነሣችው በ2009 ነው። «በሽታው ገብቷል የሚል ሪፖርት» እና «ሚኒስቴሩ የላከው ሪፖርት» መካከል ያለው ልዩነት መንጋውን ጭኖ በመንገድ ላይ ላለ ሰው ምን ያህል እንደሆነ የቆዩ ነጋዴዎች ያውቁታል።

በባንክ በኩል ለሚሸጥ ሰው ደግሞ «ዋት ዘ ዶክዩመንትስ ሴይ» እና «ዋት ዘ ሺፕ ካሪስ» የተለያዩ ነገሮች ናቸው። ከእ.ኤ.አ. 2007 ጀምሮ በሥራ ላይ ያለው ዩ ሲ ፒ 600 የሚባለው የሌተር ኦፍ ክሬዲት ደንብ ባንኮች የሚሠሩት በሰነድ እንጂ በዕቃው አለመሆኑን ይደነግጋል። ሰነዱ 488 ካለና ሌተር ኦፍ ክሬዲቱ 500 ካለ፣ መርከቡ ውስጥ ስንት እንዳለ መከራከር ባንኩ ዘንድ አይረዳም።

የቃላት ቅደም ተከተል ስሕተት ብዙ ገንዘብ አያስከፍልም፤ ቢሆንም ይታረም። «ካን ዩ ቴል ሚ ዌን ዊል ዘ ሺፕ አራይቭ» ከማለት «ዌን ዘ ሺፕ ዊል አራይቭ» ማለት ትክክል ነው። ጥያቄው ስማዊ ክፍል ሲሆን እንደ ተራ ዓረፍተ ነገር ባለቤቱ ከግሱ ይቀድማል።

ለመለማመጃ አንድ ረዘም ያለ አንቀጽ እነሆ፦ «ዘ ሴለር አግሪስ ዛት ሂ ዊል ሪፕሌስ ዋትኤቨር ዘ ኢንስፔክተር ሪጄክትስ»። ከ«አግሪስ» በኋላ ያለው በሙሉ አንድ ስማዊ ክፍል ነው፤ ሻጩ የተስማማበት ነገር። በዚያ ክፍል ሆድ ውስጥ ደግሞ ሌላ አለ፦ «ዋትኤቨር ዘ ኢንስፔክተር ሪጄክትስ»፣ መርማሪው ያልተቀበለውን ማንኛውንም፤ እሱም የ«ሪፕሌስ» ተሳቢ ነው። ሻጩ እተካለሁ ያለው እንግዲህ አምስት ወይም አሥር እንስሳ አይደለም፤ መርማሪው መንጋውን በሙሉ ቢጥል መንጋውን በሙሉ ነው። ለመገደብ ከመጨረሻው ላይ ነጠላ ሰረዝ አድርጎ «አፕ ቱ ቴን አኒማልስ» የሚል መጨመር ይበቃል፤ መጨመር የሚቻለው ግን ከመፈረሙ በፊት ነው።