የጀርመን የድንች ቂጣ በቤታችን



ባለፈው ዓመት በቤት ሙያ ክፍለ ጊዜ ከ7ኛ ክፍል ተማሪዎች ጋር የጀርመን የድንች ቂጣ ለመሥራት ሞክረን ነበር። ድንቹን ፈቅፍቀን፣ ጨምቀን፣ ጨው ጨምረን ዘይቱ ውስጥ ስንጥለው ተበታተነ። ዘይቱ ከየቤቱ በጥቂት በጥቂቱ የመጣ ስለነበረ በጣም አፈርኩ። በዚህ መካከል አንዲት ተማሪ፣ «ቲቸር፣ አያቴ ቡላ ስታወጣ ውሃውን ወዲያው አትደፋም» አለችኝ። እውነቷን ነበር። ጥፋቱ የእኔ ነው፤ ቂጣውን አጣብቆ የሚይዘውን ነገር ከውሃው ጋር ደፍቼው ነበር። ይህ ጽሑፍ ያን ቀን የተማርነውን ለሁላችሁም ለማካፈል የተዘጋጀ ነው።

ድንች ከየት መጣ?

ድንች የጀርመንም የእኛም ተወላጅ አይደለም። መነሻው በደቡብ አሜሪካ የሚገኘው የአንዲስ ተራራማ አገር ነው። ወደ አውሮፓ የገባው በ16ኛው መቶ ክፍለ ዘመን በስፔናውያን አማካይነት ነው። በጀርመን ገበሬው መጀመሪያ ስለናቀው፣ የፕሩሲያው ንጉሥ ዳግማዊ ፍሬድሪክ እ.ኤ.አ. በ1756 ድንች እንዲተከል ትእዛዝ እስከ ማውጣት ደርሷል።

ወደ ኢትዮጵያም ድንችን ያስገባው ጀርመናዊ እንደሆነ ይነገራል። ይህ ሰው እ.ኤ.አ. በ1837 ወደ አገራችን መጥቶ በትግራይ ለብዙ ዓመታት የኖረው፣ በ1878ም በዓድዋ ያረፈው የዕፅዋት ተመራማሪ ሺምፐር ነው። ድንቹ የገባበት ዓመት 1858 ነው። በእኛም አገር ሕዝቡ ቶሎ አልተቀበለውም። በሰፊው መተከል የጀመረው በ19ኛው መቶ ክፍለ ዘመን መጨረሻ፣ «ክፉ ቀን» ከሚባለው ረኃብ ወዲህ ነው። ዛሬ ከሐረርጌ ደጋ ተጭኖ በጅጅጋና በውጫሌ በኩል ሐርጌሳ ይገባል፤ የሼክ ኑር ጎረቤቶቻችንም «ባራዶ» ብለው ይገዙታል።

ለ4 ሰው የሚያስፈልጉ ነገሮች

• 1 ኪሎ ድንች (ያልበቀለና አረንጓዴ ያልሆነ)
• 1 መካከለኛ ቀይ ሽንኩርት
• 2 እንቁላል
• 2 የሾርባ ማንኪያ የስንዴ ዱቄት
• 1 የሻይ ማንኪያ ጨው
• የመጥበሻውን መሬት የሚሸፍን ዘይት

አሠራር

1. ድንቹን አጥባችሁ ላጡት። ድንቹንና ሽንኩርቱን በመፈቅፈቂያ ፈቅፍቁ። ድንች ተልጦ አየር ሲያገኘው ስለሚጠቁር አታቆዩት።
2. በንጹሕ ጨርቅ አድርጋችሁ በደንብ ጭመቁት። ውሃው በሳህን ይጠራቀም።
3. ሳህኑን 10 ደቂቃ ሳትነኩት አቆዩት። ከዚያ ውሃውን ቀስ አድርጋችሁ ድፉት። ከሥሩ ነጭ ዝቃጭ ታገኛላችሁ።
4. ነጩን ዝቃጭ ወደ ድንቹ መልሱ። እንቁላሉን፣ ዱቄቱንና ጨውን ጨምራችሁ አዋህዱ።
5. ዘይቱን አግሉ። ትንሽ ድንች ጣል አድርጋችሁ ወዲያው ከተንጫጫ ደርሷል።
6. በማንኪያ እየጨለፋችሁ አስቀምጡና ሳሳ እስኪል ጠፍጠፍ አድርጉት። ሥሩ ወርቃማ ሳይሆን አትገልብጡት። በእያንዳንዱ ጎን ከ3 እስከ 4 ደቂቃ ይበቃዋል።

ለጾም ሲሆን እንቁላሉን ትታችሁ ዱቄቱን 4 ማንኪያ አድርጉት፤ የሽምብራ ዱቄትም ይሆናል። ቂጣውንም ትንንሽ አድርጉት።

ለምን እንዲህ እናደርጋለን?

ከድንች ክብደት ከሦስት አራተኛ በላይ ውሃ ነው። ይህ ውሃ ሳይወጣ ዘይት ውስጥ ከገባ ዘይቱን ያቀዘቅዘዋል። የቀዘቀዘ ዘይት አይጠብስም፤ ቂጣው ይልፈሰፈሳል፣ ዘይትም ይጠጣል። ስለዚህ መጭመቅ ዘይት መቆጠብ ነው።

ነጩ ዝቃጭ ደግሞ ስታርች ነው። ከውሃ ስለሚከብድ ወደ ታች ይወርዳል። እሳት ሲያገኘው እርጥበት ስቦ ያብጥና እንደ ሙጫ ይይዛል። ቡላም የሚገኘው በዚሁ መንገድ ነው፤ የተፋቀው እንሰት ይጨመቃል፣ ውሃው ሲጠል ከሥሩ ነጩ ይቀራል። እናቶቻችን «ስታርች» የሚለውን ቃል ሳይሰሙ ሥራውን ያውቁት ነበር።

ጥንቃቄ

ከ12 ዓመት በታች ያላችሁ ፈቅፍቁ፣ ጭመቁ፤ መጥበሱን ግን ለታላላቆቻችሁ ተዉ። የከሰል ምድጃ የምትጠቀሙ ከሆነ መስኮትና በር ይከፈት፤ ምድጃው ሰው ከሚመላለስበት ራቅ ይበል። ዘይት እሳት ከያዘው ውሃ ፈጽሞ አታፍስሱበት። ውሃው ከዘይቱ ሥር ገብቶ በቅጽበት እንፋሎት ይሆንና የሚነደውን ዘይት ይረጨዋል። መጥበሻውን በክዳን ግጠሙት፤ ጋዝ ከሆነ ዝጉት፤ እስኪቀዘቅዝም አትክፈቱት።

አቀራረብ

ጀርመኖች «ካርቶፈልፑፈር» ወይም «ራይበኩኸን» ይሉታል። በብዛት ከተፈጨ የፖም ቅቅል ጋር ይበሉታል፤ በገና ገበያዎቻቸውም ትኩሱን ይሸጡታል። እኛ ፖሙን በማርና በፓፓያ ተክተነው ነበር። በሚጥሚጣም የበሉት አሉ፤ ሳህኑ መጀመሪያ ያለቀው የእነሱ ነው።

በሁለተኛው ሳምንት ቂጣው አልተበታተነም። ያቺ ተማሪ የመጀመሪያውን ቂጣ ራሷ ገለበጠችው። ወላጆች ሆይ፣ ልጆቻችሁ ይህን በቤት ሲሠሩ አጠገባቸው ቁሙ፤ የአያቶቻቸውንም ሙያ ንገሯቸው። ክፍል ውስጥ እንደሚጠቅም አይተነዋል።

መልመጃ

1. የተጨመቀው ውሃ ወዲያው ቢደፋ ቂጣው ምን ይሆናል? ለምን?
2. የሚነድ ዘይት ላይ ውሃ የማይፈስሰው ለምንድን ነው?
3. በቤታችሁ ከውሃ ሥር ዘቅጦ የሚገኝ ሌላ ምግብ አለ? እናታችሁን ወይም አያታችሁን ጠይቃችሁ ጻፉ።