ለሥራ ቤት ጥንቃቄ የመጀመሪያውን በጀት ስለ ማዘጋጀት

ጤንነት በመኖሪያ ቤት ብቻ የሚጠበቅ አይደለም። ሠራተኛ የቀኑን ብዙ ሰዓት የሚያሳልፈው በሥራው ቦታ ስለ ሆነ፣ ያ ቦታ ጥንቃቄ የጎደለው እንደ ሆነ በቤት የተደረገው ንጽሕና ሁሉ ጎደሎ ይሆናል። ይሁን እንጂ ብዙ ባለንብረቶች ለኪራይ፣ ለመብራት፣ ለደመወዝና ለግብር ገንዘብ ሲመድቡ፣ ለሠራተኛው አካል ጥበቃ ግን በመዝገባቸው አንድ መስመር እንኳ አይጽፉም። በዚህ ትምህርት የእህል ወፍጮ ቤትን ምሳሌ አድርገን እንወስዳለን፤ በየከተማው የሚገኝና ሁሉም የሚያውቀው ነውና።

አደጋ ምን ያህል ያስወጣል?

አንዳንድ ሰው ለጥንቃቄ የሚወጣ ገንዘብ የባከነ ይመስለዋል። ሒሳቡ የሚያሳየው ግን ሌላ ነው። በ2011 ዓ.ም. የወጣው የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156 እንደሚያዝዘው፣ ሠራተኛ በሥራው ምክንያት ተጎድቶ ለጊዜው መሥራት ቢሳነው፣ አሠሪው የሕክምናውን ወጪ ከመቻሉም በላይ፣ ለመጀመሪያዎቹ 3 ወራት ሙሉ ደመወዙን፣ ለተከታዮቹ 3 ወራት ከ75 በመቶ የማያንሰውን፣ ከዚያ በኋላ ላሉት 6 ወራት ከ50 በመቶ የማያንሰውን መክፈል አለበት። እንግዲህ የወር ደመወዙ 4,000 ብር የሆነ ሠራተኛ እጁ በቺንጋ ተይዞ ዓመት ሙሉ ከሥራ ቢለይ፣ 12,000 እና 9,000 እና 12,000 ብር፣ በድምሩ ቢያንስ 33,000 ብር ይከፈለዋል። በዚህ ላይ የሕክምናው ዋጋና የወፍጮው መቆም ይጨመራል። የተቆረጠች እጅ ግን በማናቸውም ገንዘብ አትመለስም።

አስቀድሞ መመርመር

በጀቱ ከመጻፉ በፊት ባለቤቱ ከሠራተኞቹ ጋራ ሆኖ ሥራ ቤቱን ከደጅ እስከ ጓዳ ይመርምር። አደጋውን በየቀኑ የሚያየው ሠራተኛው ስለ ሆነ፣ ያየውን ሳይፈራ እንዲናገር ይጠየቅ። በወፍጮ ቤት በተለይ ሊታዩ የሚገባቸው እነዚህ ናቸው፤

1ኛ፤ ያልተከለለ ቺንጋና መዘውር፤ የነጠላን ጫፍ ወይም የሸሚዝን እጅጌ ይዞ ሰውን ይስባል።

2ኛ፤ የዱቄት ብናኝ፤ ለብዙ ጊዜ ወደ ሳንባ ሲገባ አስም ያመጣል። በዝግ ቤት አየር ላይ በዝቶ የእሳት ፍንጣሪ ሲያገኝም ይፈነዳል። በ1878 እ.ኤ.አ. በአሜሪካ አገር፣ በሚኒያፖሊስ ከተማ፣ የአንድ ትልቅ የዱቄት ፋብሪካ ብናኝ ፈንድቶ 18 ሠራተኞች ሞተዋል።

3ኛ፤ ጩኸት፤ ሁለት ሰዎች በአንድ ሜትር ርቀት ቆመው ድምፃቸውን ከፍ ካላደረጉ በቀር የማይሰማሙ ከሆነ፣ ጩኸቱ ጆሮን ሊጎዳ ይችላል።

4ኛ፤ የተላጠ የኤሌክትሪክ ሽቦና የሚያዳልጥ ወለል።

ለእያንዳንዱ አደጋ ሁለት ቁጥር ይሰጠው። አንደኛው የጉዳቱ ክብደት፣ ሁለተኛው የመድረሱ ቅርበት ሲሆን፣ ሁለቱም ከ1 እስከ 3 ይቆጠራሉ። ቁጥሮቹ ሲባዙ ቅደም ተከተሉ ይገለጣል። ደንበኞች በአጠገቡ የሚያልፉበት ያልተከለለ ቺንጋ 3 በ3 ተባዝቶ 9 ይሆናል፤ የተሰበረ የደጃፍ ደረጃ ግን 1 በ2 ተባዝቶ 2 ነው። ገንዘቡ አስቀድሞ ወደ 9ኙ ይሂድ።

ገንዘቡ በምን ተራ ይመደብ?

ጀማሪዎች በብዛት የሚስቱት በዚህ ላይ ነው። ጓንትና የአፍንጫ መሸፈኛ ገዝተው ሥራው የተፈጸመ ይመስላቸዋል። ትክክለኛው ተራ ግን አደጋውን ከምንጩ ማስወገድ፤ ይህ ባይቻል በመከለያ ከሰው መለየት፤ ቀጥሎ የአሠራር ደንብ ማውጣት፤ በመጨረሻም የግል መከላከያ ማደል ነው። መከለያ የሠራተኛው ሐሳብ ቢበተን እንኳ ይጠብቀዋል፤ መሸፈኛ ግን የሚጠቅመው በትክክል ለለበሰው ብቻ ነው። ይህም ሆኖ አስፈላጊ የሆነውን መከላከያ መስጠትና አጠቃቀሙን ማስተማር በዚሁ አዋጅ የአሠሪው ግዴታ ነው።

ስለዚህ በጀቱ በሦስት ክፍል ይጻፍ፤

ሀ) የአንድ ጊዜ ወጪ፦ የቺንጋ መከለያ፣ ሞተሩን ፈጥኖ ማቆሚያ፣ የብናኝ ማውጫ፣ የሽቦ እድሳት፣ የእሳት ማጥፊያ።

ለ) በየዓመቱ የሚመለስ ወጪ፦ የአፍንጫ መሸፈኛ፣ የጆሮ መከላከያ፣ የመጀመሪያ ርዳታ መድኃኒት፣ የእሳት ማጥፊያው ምርመራ፣ ለትምህርት የሚውለው የሥራ ሰዓት።

ሐ) መጠባበቂያ፦ ሳይታሰብ ለሚመጣ ጥገና።

ዋጋው በግምት አይጻፍ፤ ከሁለት ወይም ከሦስት ሻጮች ተጠይቆ ይመዝገብ። በጀቱ ከሐምሌ 1 ቀን ጀምሮ የሚሠራበት ከሆነ ምርመራው በግንቦት ይጀመር። የመጀመሪያው ዓመት ወጪ ከኋለኞቹ ቢበዛ ሊያስደንቅ አይገባም፤ ከዚህ ቀደም ያልተሠራው ሁሉ ባንድነት ስለሚመጣ ነው። አቅም ቢያንስ ዝቅተኛ ቁጥር ያላቸው ለሚቀጥለው ዓመት ይቆዩ። ነገር ግን ቺንጋው ሳይከለል ወፍጮው አይነሣ።

ገንዘብ የማይጠይቀውም ሥራ አይረሳ። የነጠላን ጫፍ አጥብቆ ማሰር፣ ሞተሩ ሳይቆም አለመጥረግና አለመጠገን፣ ሕፃናትን ከመኪናው ማራቅ፣ ለመፈጸም ትእዛዝና ክትትል ብቻ ይበቃቸዋል። የደረሰው አደጋና ለጥቂት የሳተው ሁሉ ከቀኑ ጋራ በመዝገብ ይጻፍ፤ ይህ መዝገብ ለሚመጣው ዓመት በጀት መሠረት ይሆናል።

መምህራንም ይህን ትምህርት በሒሳብ ክፍለ ጊዜ ሊያስተምሩት ይችላሉ። ተማሪዎች የትምህርት ቤታቸውን ወርክሾፕ ወይም ቤተ ሙከራ መርምረው ቁጥር ይስጡ፣ ዋጋ ይጠይቁ፣ በጀቱንም በሦስቱ ክፍል ጽፈው ለርእሰ መምህሩ ያቅርቡ። ዛሬ በደብተር ላይ ይህን ማስላት የለመደ ልጅ፣ ነገ ባለ ሥራ ቤት ሲሆን የሠራተኛውን አካል ከሒሳቡ ውጭ አያደርግም።