የጋማ ከብት የእግር ጅማት እንዴት እንደሚጎዳና እንዴት እንደሚድን

ጭነት የሚሸከም በቅሎ ወይም ጋሪ የሚስብ ፈረስ በፊት እግሩ ማነከስ ሲጀምር ብዙ ባለቤቶች ድንገት የመጣ በሽታ ይመስላቸዋል። ነገር ግን ሕመሙ ዛሬ ቢታይም ጉዳቱ የተጀመረው ከብዙ ቀን በፊት ሊሆን ይችላል።

ጅማት ጡንቻን ከአጥንት ጋር የሚያያይዝ ነው። ገመድ ከብዙ ቃጫ እንደሚገመድ ሁሉ ጅማትም ከብዙ ቀጫጭን ክሮች የተሠራ ነው። በፊት እግር ላይ ከጉልበት በታች በስተኋላ በኩል በእጅ ቢዳሰስ ይገኛል። ከብቱ እግሩን ባሳረፈ ቁጥር ጅማቱ ይወጠራል፤ ባነሣ ቁጥር ይላላል። ጭነት ሲበዛ፣ መንገድ ሲረዝም፣ ወይም የሰኮናው ጫፍ ሳይቆረጥ ሲያድግ ውጥረቱ ከልክ ያልፋል፤ ጥቂት ክሮችም ይበጠሳሉ። ዕረፍት ካላገኘ በማግሥቱ ሌሎች ይጨመራሉ። በመጨረሻም ጅማቱ ያብጣል፣ ይግላል፣ ሲነኩትም ያማል።

ጅማት የደም ሥሩ ጥቂት ስለ ሆነ ቶሎ አይድንም። እብጠቱ ጋብ ካለ በኋላ ሰውነት የተበጠሰውን በአዲስ ክር ይጠግናል፤ ይሁን እንጂ አዲሱ ክር እንደ ተበተነ ጭድ የተመሰቃቀለና ደካማ ነው። ወደ ውጥረቱ አቅጣጫ ተስተካክሎ የሚጠነክረው በብዙ ወራት ነው፤ ጉዳቱ ከባድ ከሆነ ከ1 ዓመት በላይ ሊፈጅ ይችላል። ማነከሱ ግን ከዚያ አስቀድሞ ይቀራል። አደጋው እዚህ ላይ ነው፤ ባለቤቱ ዳነ ብሎ ሲጭነው ያልጠነከረው ክር እንደገና ይበጠሳል።

ስለዚህ የሚከተለውን አድርጉ።

1ኛ/ ማነከስ እንደ ጀመረ ጭነቱን አራግፉና በደልዳላ ቦታ አሳርፉት።

2ኛ/ በመጀመሪያዎቹ ጥቂት ቀናት፣ በቀን ደጋግማችሁ፣ በያንዳንዱ ጊዜ 15 ደቂቃ ያህል ቀዝቃዛ ውሃ አፍስሱበት። በትኩስ ነገር አትሹት።

3ኛ/ ሙቀቱና እብጠቱ ሲቀንስ ያለ ጭነት፣ በእርምጃ ብቻ፣ በገመድ እየሳባችሁ አንሸራሽሩት። በቀን ከ10 ደቂቃ ጀምራችሁ በየሳምንቱ ጥቂት ጨምሩ። በልክ የሆነ እንቅስቃሴ አዲሱን ክር ያስተካክለዋል።

4ኛ/ በጋለ ብረት አትተኩሱት። በእንግሊዝ አገር በፈረሶች ላይ ተደርጎ በ1983 እ.ኤ.አ. የታተመ ጥናት ተኩስ ጅማትን እንደማያድን አሳይቷል፤ ትርፉ ሌላ ቁስል ነው።

5ኛ/ እግሩን መሬት ማስነካት ካቃተው ወይም በጅማቱ ላይ ቁስል ካለ ሳትዘገዩ ለእንስሳት ሐኪም አሳዩት። ወደ ጭነት ከመመለሱ በፊትም እንዲሁ አስመርምሩት።

የዳነ ጅማት እንደ ቀድሞው አይለጠጥም፤ ስለዚህ ጭነቱ ከፊተኛው ይቀነስ። የወራት ዕረፍት ኪሳራ ቢመስልም በቅሎው ለዘወትር አንካሳ ሆኖ ከሚቀር ይሻላል።