ስለ ኢንተርኔትና ስለ ባልንጀራህ

አንባቢ ሆይ፤ በስልክህ የምታነበው ነገር ኹሉ ልብህን እንደሚያስተምር ዐስበህ ታውቃለህን? ፊቱን አይተኸው የማታውቀውን ሰው ስለ ወገኑ ብቻ ጠልተኸው እንደ ኾነ፥ ይህን ጥላቻ ከማን ተማርኸው?

እኩሌቶቹ ሰዎች «ኢንተርኔት ሰውን ከሰው ያጣላል» ይላሉ፤ እኩሌቶቹም «ሕዝብን ከሕዝብ ያስተዋውቃል» ይላሉ። በኹለት አገር የተደረገውን ምርመራ አስተውል።

በአሜሪካ፥ በፈረንጆች አቈጣጠር በ2018 ዓ.ም. የምክር ቤት ምርጫ በቀረበ ጊዜ፥ መርማሪዎች አያሌ ሰዎችን ፌስቡክን ለአራት ሳምንት እንዲተዉ አደረጉ። የተዉትም የዕለቱን ወሬ ማወቃቸው ቀነሰ፤ ነገር ግን በመንግሥት ጉዳይ ከተቃራኒዎቻቸው የሚለዩበት ርቀት ጠበበ፤ ከቤተ ሰብና ከወዳጅ ጋራ የሚያሳልፉትም ጊዜ በዛ።

ኹለተኛው በቦስኒያና ሄርዞጎቪና ነው። በዚያ አገር ቦስኒያኮች፥ ሰርቦችና ክሮአቶች ከ1992 እስከ 1995 ዓ.ም. ተዋግተዋል። በሐምሌ 2019 ዓ.ም.፥ በ1995 በስሬብሬኒጻ ያለቁት ሰዎች በሚታሰቡበት ሳምንት፥ እንደዚሁ አያሌ ሰዎች ፌስቡክን ተዉ። መርማሪዎቹ «የተወ ሰው ለሌላው ወገን ልቡ ይለዝባል» ብለው ጠብቀው ነበር፤ የኾነው ግን ተቃራኒው ነው። የተዉት ሰዎች ለሌላው ወገን ያላቸው ግምት ካልተዉት ይልቅ ዝቅ ያለ ኾኖ ተገኘ፤ ይህም በይበልጥ የታየው አንድ ወገን ብቻ በበዛበት ስፍራ በሚኖሩት ዘንድ ነው።

ይህ ስለ ምን ኾነ? ምክንያቱ እንዲህ ይመስላል፤ እንዲህ ያለው ሰው ስልኩን ቢዘጋ፥ በደጁ የሚያገኘው የገዛ ወገኑን ብቻ ነው፤ ስለ ሌላውም የሚሰማው ከወገኑ አፍ ነው። እንግዲህ ስልክን መዝጋት ብቻውን ልብን አይከፍትም፤ ስልክን መክፈትም ብቻውን ዕውቀት አይኾንም።

ስለዚህ ወዳጄ ሆይ፤ ስለ አንድ ሕዝብ የሚያስቈጣ ቃል ባነበብህ ጊዜ፥ ለሌላ ሳታስተላልፍ ቈይ፤ ማን እንደ ጻፈው፥ እውነት እንደ ኾነም መርምር። ደግሞም «የዚያ ወገን ሰው ከፊቴ ቢቀመጥ ይህን ቃል እናገረው ነበርን?» ብለህ ራስህን ጠይቅ። አፍረህ የምትተወው ከኾነ፥ በጣትህም አትጻፈው።

ከኹሉ ይልቅ ግን በቋንቋ ወይም በወገን ከሚለይህ ጎረቤትህ ጋራ ቡና ጠጣ፤ ለቅሶውን ድረስ፤ ሠርጉን አድምቅ። እንጀራውን የቈረስህለትን ሰው በሩቅ ወሬ መጥላት ይከብድሃልና።